«ምነው ከሳሽ?»፦ ክብደት ስንቀንስ ጭንቅላታችንን ከጎናችን የማሰለፍ ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ውስጥ 4 ኪሎ ቀንሳችሁ ብትወጡ «እንኳን ደስ አለሽ» የሚላችሁ ሰው አትጠብቁ። መጀመሪያ የምትሰሙት «ምነው ከሳሽ? አመመሽ እንዴ?» ነው። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ እናት እጄን ይዛ «ማል ታቴ?» አለችኝ። ምን ሆንሽ ማለቷ ነው። በጣም ደንግጣ ነበር። 84 ኪሎ ሳለሁ፣ ጉልበቴ ደረጃ አልወጣ ሲለኝ፣ ያኔ ደግሞ «አቤት፣ ተመችቶሻል!» ነበር የምባለው።

ስለ ምግብና ስለ እንቅስቃሴ የሚነገረውን አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። ስኳር ቀንሱ፣ ዘይት ቀንሱ፣ ተራመዱ። ከዚያ በላይ ብዙም ምስጢር የለውም። የሚያስቸግረው ማታ ደክሞን ቤት ስንገባ ጭንቅላታችን ውስጥ የሚወራው ወሬ ነው። አንዱ ድምፅ «አንቺ እንደሆንሽ አይሆንልሽም» ይላል። ሌላው «ዛሬን ብቻ» ይላል። ሁለቱም የሚያደርሱት እዚያው ትሪ ጋ ነው።

ቀና አስተሳሰብ ሲባል መስታወት ፊት ቆሞ «ቀጭን ነኝ፣ ቆንጆ ነኝ» ማለት ይመስለኝ ነበር። ሞከርኩት፣ አልሠራም። የሠራልኝ ሌላ ነው። እሱን ከነምክንያቱ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። በ14 ወር 9 ኪሎ ቀንሻለሁ። ለማስታወቂያ የሚሆን ቁጥር አይደለም። ግን እስካሁን አልተመለሰም።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም የምታጠቡ ከሆነ፣ የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ። በልታችሁ ሆን ብላችሁ የምታስመልሱ፣ ወይም ለቀናት ራሳችሁን የምታስርቡ ከሆነም እንደዚያው። ይህ ጽሑፍ የሐኪምን ቦታ አይተካም።

ደረጃ 1፦ ለአንድ ሳምንት ምንም አትቀይሩ፣ አዳምጡ ብቻ

ትንሽ ደብተር ግዙ። ሳይርባችሁ በበላችሁ ቁጥር፣ ወይም ለመራመድ አስባችሁ በቀራችሁ ቁጥር፣ በዚያች ደቂቃ ለራሳችሁ ያላችሁትን ነገር ጻፉ። የበላችሁትን አይደለም። ያላችሁትን። ሰዓቱንም አስፍሩ።

የኔ ደብተር የመጀመሪያው ሳምንት ይህን ይመስል ነበር። ሰኞ 11 ሰዓት፦ «ቀኑን ሙሉ ስሠራ ውያለሁ፣ ይገባኛል።» ማክሰኞ 12 ሰዓት፦ «በዚህ ዝናብ ማን ይራመዳል!» ረቡዕ ማታ፦ «ሰነፍ ነሽ፣ ሁልጊዜም እንዲሁ ነሽ።» ሐሙስ፦ «ሰኞ እጀምራለሁ።» ቅዳሜ ቡና ላይ፦ «ካልበላሁ ይቀየሙኛል።»

በሳምንቱ መጨረሻ ከጎናቸው ምልክት አድርጉ። ዓረፍተ ነገሮቹ ከሦስት ዓይነት አያልፉም። አንዱ ፍርድ ነው፤ «ሰነፍ ነሽ» እንደሚለው። አንዱ ሰበብ ነው፤ ዝናቡ፣ ሥራው፣ ልጆቹ። አንዱ ድርድር ነው፤ «ሰኞ እጀምራለሁ»፣ «ዛሬን ብቻ»። መለየቱ የሚጠቅመው መድኃኒታቸው ስለሚለያይ ነው። ሰበብ ዕቅድ ይፈልጋል፣ ወደ ደረጃ 3 ውሰዱት። ፍርድ ደግሞ ሌላ ቃል ይፈልጋል፣ እሱ ደረጃ 4 ላይ አለ። ድርድር ደግሞ ብዙ ጊዜ ቢነቃበት ይበቃዋል። «አሃ፣ እየተደራደርኩ ነው» ስትሉ ግማሽ ጉልበቱ ይሄዳል።

ሰዓቱን ደግሞ ተመልከቱ። የኔ ችግር ሁሉ የተከማቸው ከ10 እስከ 12 ሰዓት ነበር። ለካ ምሳ በደንብ አልበላም ነበር። ለዓመታት የፈቃደ ልቦና ድክመት ነው ብዬ ራሴን ስወቅስበት የኖርኩት ነገር ተራ ረሃብ ሆኖ ተገኘ።

ደረጃ 2፦ ግቡን አሳንሱት

«ወደ ሠርጌ ጊዜ ኪሎ እመለሳለሁ» ግብ አይደለም፣ ናፍቆት ነው።

አሁን ያላችሁበትን ክብደት በ0.05 አባዙ። የሚወጣው ቁጥር የመጀመሪያ ግባችሁ ነው። 84 ኪሎ የነበርኩት እኔ 4.2 ኪሎ ወጣልኝ። ከዚህ ውጪ አላሰብኩም። ጊዜውንም ከሦስት እስከ ስድስት ወር አድርጉት።

ይህን ያህል መቀነስ ለመልክ ብዙም ላይታይ ይችላል። ለጤና ግን ትልቅ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ 3,234 ለስኳር በሽታ የተጋለጡ ሰዎችን የተከታተለና በ2002 ውጤቱ የወጣ ታዋቂ ጥናት አለ። አንዱ ቡድን ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ታገዘ። ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲታይ፣ ይህ ቡድን በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሉ በ58 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። 7 በመቶ ለኔ 6 ኪሎ ማለት ነበር። ማንም ሰው «ቀጭን» ብሎ የማይጠራው ለውጥ ነው።

ትንሽ ግብ ለሐሳባችንም ይመቻል። ጭንቅላታችን የማያምነውን ነገር ብንነግረው ይስቅብናል።

ደረጃ 3፦ ሕልሙን አልሙ፣ ከዚያ እንቅፋቱን በስሙ ጥሩት

ከስምንት ዓመት በፊት የምለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ ቁም ሳጥኑ በር ላይ ሰቅዬ ነበር። ማታ ማታ እያየሁት እተኛለሁ። ለብሼው ስገባ፣ ሰው ሲዞር፣ ባሌ ሲደነግጥ ይታየኛል። ደስ ይላል። ለአራት ወር ያህል እንዲህ አደረግኩ። 2 ኪሎ ጨመርኩ።

ኋላ ነው ምክንያቱን ያነበብኩት። ጋብሪዬለ ኦቲንገን የምትባል ጀርመናዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከቶማስ ዋደን ጋር ሆና በ1991 አንድ ጥናት አወጣች። ክብደት ለመቀነስ ፕሮግራም የገቡ 25 ሴቶችን ነው የተከታተሉት። «ይሳካልኛል» ብለው የጠበቁት ሴቶች የተሻለ ቀነሱ። ይህ የሚጠበቅ ነው። ግን ስለ ወደፊቱ ቀጭን ራሳቸው በጣም ጣፋጭ ሕልም የሚያልሙት ከሌሎቹ ያነሰ ቀነሱ። ማመንና ማለም ለየቅል ናቸው። ሕልሙ ውስጥ ሁሉ ነገር ስለተሳካ፣ ሰውነት ሥራው ያለቀ መስሎት ይዝናናል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይሄ ነው።

ኦቲንገን ታዲያ አታልሙ አላለችም። አልማችሁ ስትጨርሱ ወዲያው እንቅፋቱን አስቡ ነው ያለችው። አሠራሩ አሥር ደቂቃ ይወስዳል። ስልካችሁን አርቁ፣ በርጩማችሁ ላይ ተቀመጡ፣ አራት ነገር ጻፉ።

መጀመሪያ፣ ለሚቀጥሉት አራት ሳምንታት የምትፈልጉትን አንድ ነገር። «የቡና ስኳሬን እተዋለሁ» ዓይነት ትንሽ ነገር ይሁን።

ቀጥሎ፣ ከተሳካ የሚሰማችሁን ደስታ። አትቸኩሉ፣ እዚህ ጋ ማለም ይፈቀዳል።

ከዚያ፣ በእናንተ ውስጥ ያለውን ዋና እንቅፋት። በእናንተ ውስጥ ነው ያልኩት፤ የኑሮ ውድነት ወይም የአለቃችሁ ፀባይ አይደለም። ለኔ «ጎረቤቶቼ ኩራተኛ ይሉኛል ብዬ መፍራቴ» የሚል ነበር የወጣው። ሳየው ገረመኝ። የስኳር ፍቅር ነው ብዬ ነበር የማስበው።

መጨረሻ ላይ፣ «እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር። ይህን ክፍል ያጠናው ፔተር ጎልዊትዘር ነው። የኦቲንገን ባለቤት ነው። እዚያ ቤት ሰበብ ማቅረብ ከባድ ሳይሆን አይቀርም። ጎልዊትዘር ያሳየው፣ ሰው መቼና የት ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ከወሰነ፣ ዝም ብሎ «እሞክራለሁ» ካለው ይልቅ ብዙ ጊዜ እንደሚፈጽመው ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ማሰብ አያስፈልግም፤ ውሳኔው አልቋል።

የኔ ዓረፍተ ነገሮች እነዚህ ናቸው።

ሲኒው ሲሰጠኝ፣ «ያለ ስኳር፣ ጤና አዳም ጣል አድርጊልኝ» እላለሁ።

ከሥራ ስወጣ ዝናብ ከያዘ፣ ቤት ገብቼ ሬዲዮ ከፍቼ በረንዳው ላይ 15 ደቂቃ እመላለሳለሁ።

ቦንቦሊኖ የምትጠብሰዋ ልጅ ጋ ከመድረሴ በፊት መንገዱን እሻገራለሁ።

ባጃጅ ልጠራ እጄ ሲነሳ፣ እስከሚቀጥለው መታጠፊያ በእግሬ እሄዳለሁ። እዚያ ስደርስ አብዛኛውን ጊዜ ባጃጁን እረሳዋለሁ።

ስለ ቡናው ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም ጅማ ላይ ተቀምጦ ቡና ተዉ ማለት አይሞከርም። ቡናው ራሱ ካሎሪ የለውም ማለት ይቻላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ግን 4 ግራም ገደማ ነው፣ 16 ካሎሪ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን በእያንዳንዱ ሲኒ ሁለት ማንኪያ ከጨመርን አንድ ቡና ላይ ስድስት ማንኪያ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ የሚጨመር ስኳር ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዲያንስ ይመክራል፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ። 5 በመቶው ለአዋቂ ሰው 25 ግራም አካባቢ ነው። ስድስቱ ማንኪያ ብቻውን እዚያ ደረሰ። ጠዋትና ማታ የምንጠጣ ሰዎች 12 ማንኪያ እንወስዳለን፣ 190 ካሎሪ ገደማ። በቅቤ የሚጠበሰውን ቡናና የቡና ቁርሱን ገና አልቆጠርኩም።

በአንድ ጊዜ መተው ካቃታችሁ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ። ምላስ ይለምዳል። አሁን ስኳር ያለበት ቡና ስጠጣ ሽሮፕ ይመስለኛል።

ደረጃ 4፦ ለራሳችሁ የምትሉትን ቃል ቀይሩ፣ ግን አትዋሹ

መስታወት ፊት የሚባለው «ቆንጆ ነኝ፣ ተወዳጅ ነኝ» ለምን አልሠራልኝም? ጆአን ውድ የምትባል የካናዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ2009 ይህን ፈትሻለች። ለራሳቸው ዝቅ ያለ ግምት ያላቸው ሰዎች «የምወደድ ሰው ነኝ» የሚለውን ሲደጋግሙ ስሜታቸው ይባስ ወረደ። ያን ቃል ደህና የሚቀበሉት ቀድሞም ደህና የነበሩት ናቸው። ሆድ የማያምነውን አፍ ሲናገር፣ ሆድ ይመልስለታል። «ቀጭን ነኝ» ስል «የት አየሽው?» የሚለኝ ድምፅ ነበር።

ስለዚህ ቀና ቃል እውነት መሆን አለበት። ከደብተራችሁ ፍርድ የሆኑትን አውጡና ከጎናቸው እውነት የሆነና ወደፊት የሚገፋ ቃል ጻፉ።

«ሰነፍ ነሽ» የሚለው ጎን እኔ «ዛሬ ደክሞኛል፣ ትናንት ግን ሄጃለሁ» ብዬ ጻፍኩ። «ሁልጊዜ ይበላሽብኛል» የሚለው «በዚህ ወር ሁለት ጊዜ ተበላሽቷል» ሆነ። ቆጥሬ ነው የጻፍኩት። «ሁልጊዜ» እና «መቼም» የሚሉትን ቃላት በቁጥር ተኩ፤ ብዙ ጊዜ ውሸታም ናቸው። «ጣፋጭ ተከልክያለሁ» የሚለውን «ጣፋጭ እሑድ እበላለሁ» በሉት። «መራመድ አለብኝ» የሚለውን ደግሞ «ጫማዬን ላድርግ» ብቻ። ጫማ ያደረገ ሰው ደጅ መውጣቱ አይቀርም።

ሌላ ነገር። ስለ ሰውነታችሁ ክፉ የምትናገሩት ሴት ልጃችሁ ፊት ከሆነ፣ እሷም ትሰማለች። የኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አንድ ቀን ሆዷን ይዛ «እኔም ቦርጭ አለኝ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሆዴ በሹክሹክታም አላወራም።

ደረጃ 5፦ ለተበላሸው ቀን አሁኑኑ ተዘጋጁ

ይህን ደረጃ ብትዘሉት ሌላው ሁሉ ይፈርሳል። እኔ ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ የወደቅኩት እዚህ ነው።

የመጨረሻው በአክስቴ ልጅ ሠርግ ነበር። ቅዳሜ ነው። ዶሮው፣ ክትፎው፣ ጠላው። ሁለት ጊዜ አነሳሁ። ማታ ስተኛ «በቃ፣ ከተበላሸ ተበላሸ» አልኩ። እሑድ መልስ ነበረ፣ እዚያም በላሁ። ሰኞ «ይህን ሳምንት ልለፈውና» አልኩ። ሰኞ እስክጀምር ድረስ ያለኝን ልብላ ብዬ የበላሁት ከሠርጉ ይበልጣል።

እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ሠርጉ ላይ ከወትሮው 1,000 ካሎሪ ጨምሬ በልቻለሁ እንበል። ያ በስብ ቢቆጠር 130 ግራም አካባቢ ነው። በማግስቱ ሚዛን ላይ አንድ ኪሎ ተኩል ጨምሮ ቢያሳይ፣ አብዛኛው ጨው የያዘው ውሃና ገና ያልተፈጨ ምግብ ነው። ሠርጉ አላወፈረኝም። ያወፈረኝ «ከተበላሸ ተበላሸ» የሚለው ቃል ነው።

ይህን ነገር ጃኔት ፖሊቪና ፒተር ኸርማን የሚባሉ የቶሮንቶ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት አጥንተውታል። ዳይት ላይ ያለ ሰው መስመሩን አንዴ ካለፈ ያለ ልክ መብላት ይቀናዋል። ዳይት ላይ ያልሆነው ሰው ግን አንድ ነገር በልቶ ከሆነ ቀጥሎ ይቀንሳል። ማለትም ጥፋቱ ያለው ደንቡን አንድም ሳይሰበር መጠበቅ አለበት ብሎ ማሰቡ ላይ ነው።

መፍትሔው ላይ ደግሞ ክሌር አዳምስና ማርክ ሊሪ በ2007 ያወጡት ሙከራ አለ። ለወጣት ሴቶች ዶናት አበሏቸው። የኛን ቦንቦሊኖ አስቡት። ለከፊሎቹ «ሁሉም ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ይበላል፣ ራስሽን አትውቀሺ» የሚል ቃል ተነገራቸው። ለሌሎቹ ምንም አልተባለም። ቀጥሎ ከረሜላ እንዲቀምሱ ቀረበላቸው። ምግባቸውን አጥብቀው ከሚቆጣጠሩት ሴቶች መካከል፣ ያ ደግ ቃል የተነገራቸው ያነሰ በሉ። ያልተነገራቸው ናቸው የበዛ የበሉት።

እናቴ ይህን ብነግራት «ራስን ማሞላቀቅ ነው» ትላለች። እሷው ግን ልጄ ብርጭቆ ስትሰብር «አይዞሽ፣ እጅሽን አልቆረጠሽም?» ነው የምትላት። ከዚያ በኋላ ነው ስብርባሪውን አብረው የሚጠርጉት። ለራሳችን የሚያስፈልገን ያው ነው። መጀመሪያ አይዞሽ፣ ከዚያ መጥረጊያ።

መጥረጊያው እንዲህ ነው። የሆነውን እንደ ምስክር ተናገሩ፦ «ሠርግ ነበር፣ ሁለት ጊዜ አነሳሁ።» ከዚህ ሌላ ቅጽል አትጨምሩበት። ቀጥሎ፣ እህታችሁ ይህን ብትነግራችሁ ምን ትሏት እንደነበር አስቡና ያንኑ ለራሳችሁ በሉ። ድምፅ አውጥታችሁ ብትሉት ይሻላል፤ የሚሰማችሁ ሰው ካለ ግን አስቡበት። ከዚያ ቀጣዩን ምግብ እንደ ወትሮው ብሉ። ሰኞን አትጠብቁ፣ ጠዋትን አትጠብቁ፣ ቀጣዩን ምግብ ብቻ። ለቅጣት ብላችሁ ደግሞ ቁርስ አትዝለሉ። የተቀጣ ሆድ ማታ ይበቀላል።

መጨረሻ ላይ፣ ለምን እንደሆነ አንድ መስመር ጻፉ። ለኔ «ሳልበላ ሄጄ ነው» ነበር። ለቀጣዩ ሠርግ ቤቴ እንቁላልና ሰላጣ በልቼ ሄድኩ።

የፋሲካና የዒድ ሰሞን ይህን ገጽ ከፍታችሁ አንብቡት። ከ55 ቀን ጾም በኋላ ዶሮ ወጥ ፊት ቀርቦ ማስላት አይቻልም፣ ደግሞም አያስፈልግም። በዓሉን ብሉ። ማግስቱን ያዙ።

ደረጃ 6፦ «በሞቴ» ለሚሏችሁ መልስ ይኑራችሁ

የኛ አገር ፈተና እዚህ ጋ ነው። ብቻውን የሚበላ ሰው ብዙም የለም። አብረውን የሚበሉት ደግሞ ይወዱናል፣ ፍቅራቸውም በጉርሻ ነው የሚመጣው።

የመጀመሪያው ምክሬ፣ «ዳይት ላይ ነኝ» አትበሉ። ይህን ስትሉ ክርክር ከፍታችኋል። «አንቺ ምን ወፍረሽ ነው?» ይባላል። «ሰው እንዳይልሽ» ይባላል። ግማሽ ሰዓት ትከራከራላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ትበላላችሁ። ይልቅ «እጅሽ ይባረክ፣ ጥግብ ብያለሁ» በሉ፣ ደጋግማችሁ፣ ፈገግ ብላችሁ።

ሁለተኛ፣ ሳህናችሁን ባዶ አታድርጉ። ባዶ ሳህን ጅማ ውስጥ ጥያቄ ነው፤ ይሞላል። ትንሽ አስቀሩና ቀስ ብላችሁ ብሉ።

ሦስተኛው የኔ ፈጠራ ነው፣ እኮራበታለሁ። አጉራሽ ሁኑ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ሲሉኝ ሁለት ትንንሽ እቀበላለሁ። ከዚያ እኔ ማጉረስ እጀምራለሁ፣ በግራም በቀኝም። ስታጎርሱ እጃችሁ ሥራ ላይ ነው፣ አፋችሁ እያወራ ነው፣ ሰው ሁሉ እየመረቃችሁ ነው። ምን ያህል እንደበላችሁ የሚያይ የለም።

ለ«ምነው ከሳሽ?» ደግሞ መልሱን አስቀድማችሁ ተለማመዱት። እኔ ለእናቶች «ደህና ነኝ እማዬ፣ ጉልበቴን ላሳርፈው ብዬ ነው» እላለሁ። ጉልበት የሚያማቸው ስለሆኑ ወዲያው ይገባቸዋል፤ ወሬው ወደ እሳቸው ጉልበት ይዞራል። ለእኩዮቼ «እያማረብኝ ነው አይደል?» ብዬ አስቃቸዋለሁ።

ይህ ጥያቄ በመጀመሪያዎቹ ወራት በጣም ይጎዳኝ ነበር። ቤት ገብቼ መስታወት ሳይ ፊቴ የታመመ ይመስለኛል። «ምን አስለፋኝ!» ብዬ የተውኩባቸው ቀናት አሉ። ኋላ ግን ሽንኩርት የምትሸጠዋን እናት አሰብኩ። እሷ ባደገችበት ዘመን ሰው የሚከሳው ሲያጣ ወይም ሲታመም ነው። እጄን የያዘችው ልታሳፍረኝ አይደለም። ፈርታልኝ ነው። ቃሉ ያው ነው፣ አሁን ግን ስሰማው «ትወደኛለች» ብዬ ነው የምተረጉመው። ከቀና አስተሳሰብ ሁሉ ለኔ ትልቁ ይሄ ነበር።

አንድ ሰው ግን እውነቱን ይወቅላችሁ። ባል፣ እህት፣ የሥራ ባልደረባ፣ ማንም ይሁን። ምክር የሚሰጥ ሳይሆን «ዛሬ ሄድሽ?» ብቻ የሚል ሰው ምረጡ።

ደረጃ 7፦ እግር

በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ማለትም 30 ደቂቃ አምስት ቀን። ለሦስት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ ብትከፋፍሉትም ይቆጠራል። ከአዌቱ ወንዝ ዳር አንስቶ እስከ ሰፈራችሁ ዳገት፣ ጅማ ለእግር አታንስም። እሑድ ቀን ጉልበት ካላችሁ ወደ ጅሬን ውጡ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው መሃል 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዳገቱ ልብ ያደርሳል። እኔ መጀመሪያ ላይ ግማሹን በባጃጅ ነበር የምወጣው፣ አላፍርበትም።

ልማድ እስኪሆን ትንሽ ታገሱ። ለንደን ውስጥ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው ነበር። አዲስ ነገር ሳይታሰብ የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወሰደ። ለአንዳንዱ 18 ቀን፣ ለአንዳንዱ እስከ 254 ቀን ድረስ የሚሄድ ሆኖ ነው የተሰላው። የሚያጽናናው፣ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አለማበላሸቱ ነው። በክረምት ጅማ ውስጥ ሳይዘል የሚራመድ ሰው ካለ ዳክዬ ነው።

እንቅልፍንም አትርሱ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ረሃቡ ይጨምራል፣ ጣፋጭ ያምረዋል። «ጫት ያከሳል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ቀን የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እውነት ነው። አብሮት የሚጠጣውን ለስላሳና ስኳር የበዛበትን ሻይ፣ የጠፋውን እንቅልፍ ግን ማንም አይቆጥረውም።

ደረጃ 8፦ ሚዛን ላይ ስትወጡ

በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሚዛን። ከዚያ በላይ አትውጡ። ክብደት በአንድ ቀን ውስጥ አንድ ሁለት ኪሎ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ውሃ ነው፣ ጨው ነው፣ ለሴቶች የወር አበባ ነው። በየቀኑ የሚመዘን ሰው ሲጨምር ይከፋዋል፣ ሲቀንስ ይደሰታል፤ ሁለቱም መብላት ያስመኛሉ።

ከኪሎው ጎን ሌሎች ሦስት ነገሮች መዝግቡ። የኔዎቹ የቢሮው ደረጃ ላይ ስንቴ እንደማርፍ፣ የቀበቶዬ ቀዳዳና የደም ግፊቴ ነበሩ። ወሩን ሙሉ ሚዛኑ ንቅንቅ ያላለበት ጊዜ ነበር፤ ቀበቶው ግን አንድ ቀዳዳ ገባ። ለዚያ ወር እሱ ነው ያቆየኝ።

መንገድ ላይ መቆሙ አይቀርም። ያነሰ ሰውነት የሚያቃጥለው ካሎሪም ያነሰ ስለሆነ በመጀመሪያ የቀነሳችሁበት ምግብ በኋላ ልክ የሚይዛችሁ ይሆናል። ያኔ ዘይቱን ተመልከቱ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው፣ እኛ ወጥ ላይ ደግሞ በማንኪያ አይደለም የምንጨምረው።

በሐሳብ የማይፈታም አለ። በደንብ እየያዛችሁት ለወራት ምንም ካልቀነሰ፣ ወይም ሳትፈልጉ በፍጥነት ከቀነሰ፣ ሐኪም ይያችሁ። የታይሮይድ ችግር፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ድብርት፣ እነዚህ ሁሉ ክብደት ላይ ይጫወታሉ። የማቅጠኛ ሻይ ግን አትግዙ። እኔ ከአንድ ሱቅ ገዝቼ ሦስት ቀን ሽንት ቤት ከርሜያለሁ። የቀነስኩት ውሃ ነበር፣ በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ብሩ አልተመለሰም።

እኔ የምመዘነው መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግቶ የሚቀመጥ ልጅ ጋ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ቁርስ ሳልበላ። ያወቀኝ ሰሞን ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነብ ነበር፣ አሁን ዝቅ ያደርግልኛል። ያለፈው ቅዳሜ ጎንበስ ብሎ አየና «75 ነው እትዬ፣ እንዳለፈው ነው» አለኝ። ብሩን ሰጠሁት። አንድ ባጃጅ ፍጥነቱን ቀንሶ አየኝ፤ በእጄ እለፍ አልኩትና ዳገቱን ያዝኩት።